ምክር የማይሰጥ አማካሪ

ባለቤቴ ቀነዓ ናዝሬት ከተማ ዳር ባለ አንድ የጆንያ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የሠራተኞች አማካሪ ነበር። ቤታችን የቆመው በዚያ ደመወዝ ነው። ይሁንና በሥራው ላይ ሳለ ለአንድም ሰው ምክር ሰጥቶ አያውቅም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ራሱም ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነበር።

አባቱ የወንጌላውያን ሰባኪ ነበሩ። እሳቸው ለመንገደኛም፣ ለአውቶቡስ ሾፌርም፣ ዶሮ ለሸጠችላቸው ገበሬም ይመክራሉ። ልጃቸው አዲስ አበባ የማኅበራዊ ኑሮ ሙያ ተምሮ ሲመለስ ምን እንደተማረ ጠየቁት።

“ሰው መስማት” አላቸው።

“ለዚህ ነው ይህን ያህል ዓመት የቆየኸው? ጆሮህ እኮ ስትወለድም ደህና ነበር።”

ትምህርቱ ሰውን ማዕከል ያደረገ ምክክር ይባላል። ለእኔ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። የተቸገረ ሰው ስለ ራሱ ኑሮ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው፤ ግን ፍርሃትና የሰው ዐይን ጋርደውበት የሚያውቀውን አያየውም። ሳይፈርድበት፣ ሳያስመስል፣ ከልቡ የሚሰማው አንድ ሰው ካገኘ ያየዋል። የአማካሪው ሥራ ያ ሰው መሆን ነው።

“ይኼንንማ ጎረቤትም ያደርገዋል” አልኩት።

“ጎረቤት እስክትጨርሺ አይጠብቅም” አለኝ።

በእርግጥም የመጀመሪያ ልጃችን በኩፍኝ በሞተች ጊዜ ቤቱ በመካሪ ተሞልቶ ነበር። አንዷ አታልቅሺ ትለኛለች፣ ሌላዋ ቶሎ ሌላ ውለጂ ትለኛለች። እሱ ከአጠገቤ ተቀምጦ ምንም አይልም። አንድ ነገር በለኝ ብዬ ስጨቀጭቀው “ምን እንደምል አላውቅም” አለኝ። ያኔ ልበ ደረቅ መስሎኝ ነበር። ሰባኪው አማቼ ሳይቀሩ እንደዚያ መስሏቸው ነበር።

ፋብሪካው ከተወረሰ በኋላ ከሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ጎን አንድ ክፍል ሰጡት። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጠረጴዛውን ገፍቶ ከግድግዳ ማስጠጋት ነበር። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ወንበሮችን ፊት ለፊት አስቀመጠ። የፋብሪካው አናጢ መጥቶ ጠረጴዛውን ወደ መሐል መለሰለት። ቀነዓ ደግሞ ገፋው። አናጢው እንደገና መጣ። በመጨረሻ ሠራተኛው ሁሉ “ሰውዬው ከሹመት ወርዷል፤ ጠረጴዛ ተከልክሏል” አለና አዘነለት።

ከማዘን አልፎም የሚፈሩት ነበሩ። በዚያን ዘመን ብዙ የሚሰማና ትንሽ የሚናገር ሰው ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እሱ የተላኩት ሰዎች ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ስለ አብዮቱ ያላቸውን መልካም አመለካከት ብቻ ያወሩለት ነበር። እሱም ሳያቋርጥ ይሰማቸው ነበር። ከሥራው ሁሉ የከበደው ያ ሳይሆን አይቀርም።

የበር ጥበቃው ራህመቶ ግን ደፋር ነበር። ገባና አለቃው እንዴት እንደሚያመናጭቀው ተናገረ። ቀነዓ አዳምጦ ሲያበቃ፣ የሰማው በትክክል መሆኑን ለማወቅ፣ “እንደ ሰው አልቆጠረኝም ብለህ ነው የተከፋኸው” አለው። ራህመቶ በቀጥታ ወደ አለቃው ሄደ።

“ጋሽ ቀነዓ ራሱ እንደ ሰው አልቆጠረህም ብሎኛል። ምስክር አለኝ” አለው።

አለቃውም መጥቶ ተናገረ፤ ቀነዓ እሱንም አዳመጠ። አለቃው ሲወጣ የራህመቶን ትከሻ ነካ አድርጎ “ምስክርህ ከእኔ ጋር ነው” አለው። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካው ውስጥ ቀነዓን ለምስክርነት የማይጠራ ጠበኛ ጠፋ። እሱ የተነገረውን መልሶ ያሰማል እንጂ አይስማማም፤ ይህን ግን ማንም አልተረዳለትም። ካልተቃወመ ተስማምቷል፣ ካልተቆጣ ደግፏል ነበር የሚሉት።

ኢፍቱ የመጣችው በ1976 ዓ.ም. ነው። የጆንያ ሰፊ ነበረች። ባሏ ፈይሳ የአሰብ መኪና ረዳት ሲሆን መተሐራ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ሁለት ልጆች ትቶላታል። የሐዘኑ ድንኳን ሳይነሣ አማቷ ኦቦ ጆቴ ከሁሩታ መጥተው እንደ አገሩ ልማድ የሟች ወንድም ሰንበታ ይውረሳት አሉ። ሰንበታ ገበሬ ነው፤ ሚስት አለው። ኢፍቱ እምቢ ካለች ልጆቹ የአባታቸው ጎሳ ስለሆኑ ወደ ሁሩታ ይሄዳሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ካገባች ራሷን ታጣለች፣ ካላገባች ልጆቿን።

በከተማ ደግሞ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ዘመናይ ነገሩን ሰሙ።

“ይሄ የፊውዳል ቅሪት ነው፤ እምቢ በይ” አሏት።

“ልጆቼስ፣ እትዬ?”

“ልጆቹ የአብዮቱ ናቸው።”

ኢፍቱ ለእኔ ስትነግረኝ “ሁሩታ እንኳ ይሻላል፤ የሚያደርስ መኪና አለው” ነበር ያለችው።

ሁለቱም ወገን ወደ ቀነዓ መጡ። አማካሪ ማለት ሌላው የፈለገውን ነገር ለችግረኛው በለሰለሰ አፍ የሚያስውጥ ሰው ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ኦቦ ጆቴ ቀድመው ገቡ።

“አንተ የእኛው ልጅ ነህ፤ ምከራት። ልብ እንድትገዛ አድርግልኝ” አሉት።

ቀነዓ “ልጅዎን ቀብረዋል፤ አሁን የልጅ ልጆችዎንም እንዳያጡ ሰግተዋል” አላቸው።

ሽማግሌው በጋቢያቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። ሁሩታ ሲመለሱም ሰውየው ከእኛ ጋር ነው አሉ።

ጓድ ዘመናይ ደግሞ ቆመው ነበር የተናገሩት፤ ቀነዓም አብሯቸው ቆሞ ሰማ። ሲጨርሱ “ሴት ልጅ እንደ ዕቃ ስትወረስ ማየት ያንገበግብዎታል” አላቸው።

“እንዴት አያንገበግበኝ” አሉ። እሳቸውም ለኮሚቴው ሲያቀርቡ፣ የፋብሪካው አማካሪ የነቃ ሰው መሆኑን ገለጹ።

ኢፍቱ ራሷ ከሁለቱም የተለየች አልነበረችም፤ ትእዛዝ ፈልጋ ነው የሄደችው። በክፍሉ ውስጥ የሆነውን ያወቅሁት ከእሷ አፍ ነው። እሱ ሰው የነገረውን ቤት ይዞ አይገባም፤ ስጠይቀው ሽሮው ጨው እንዳነሰው ይነግረኛል።

“ምን ላድርግ ጋሼ?” አለችው።

“አንድ ሰው ወስኖልሽ ብትገላገዪ ደስ ባለሽ።”

“አዎ። ይወስኑልኛ።”

“እኔ ብወስንልሽም ኑሮውን የምትኖሪው አንቺ ነሽ። እኔ ማታ ወደ ቤቴ ነው የምገባው።”

ተናዳ ወጣች። ሆኖም ተመልሳ ሄደች። በስፌት አዳራሹ ውስጥ ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች መርፌያቸውን ሳያቆሙ ይመክሯታል፤ የውሃ ቀጂው ይመክራታል፤ የባሏ የንስሐ አባት ይመክሯታል። ምክር የሌለበት ቦታ ያ ክፍል ብቻ ነበር፤ እዚያ ገብታ ታርፋለች።

አንድ ቀን ፈይሳ የሞተበትን አኳኋን አወራችለት። መኪናው የጫነው ጨው እንደነበረና ጨው በጨው ሆኖ እንዳገኙት እየሳቀች ነበር የምትናገረው። ቀነዓ አልሳቀም። “አንቺ ትስቂያለሽ፤ እኔ ግን ስሰማሽ መሳቅ አልቻልኩም፤ አዘንኩ” አላት። ይህን ጊዜ ጮኸችበት። ምን ያውቃሉ፣ ማን እዘንልኝ አለዎት ብላ በሩን ከኋላዋ ወርውራ ወጣች። ራህመቶ ከበሩ ቆሞ ሰምቷል። “ጋሽ ቀነዓ ዛሬ ገና ሥራ ጀመረ፤ ተቆጣት” ብሎ አወራ።

ሰውን መቀበል ማለት ሁልጊዜ ፈገግ ማለት የሚመስላቸው አሉ። ቀነዓ ፈገግታ አያበዛም ነበር። የተሰማውን መደበቅም አይችልበትም። ትምህርቱም አታስመስል ይላል፤ እሱ ግን ትምህርት ቤት ሳይገባም እንደዚያው ነበር። እኔ የሠራሁለትን ሹራብ “ያሳክከኛል” ብሎ ነበር የመለሰልኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ኢፍቱ ስትመጣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ የትዳር ወሬ ስለቀደማት ለፈይሳ ያለቀሰችው ያኔ ነው አለችኝ። ካለቀሰች በኋላም ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ። እሷ ወላጅ አልባ ነበረች፤ ሰው ቤት እየተላከች ነው ያደገችው። ፈይሳን እስክታገባ ድረስ አባ ብላ የጠራችው ሰው አልነበረም። ኦቦ ጆቴን ነው አባ ያለችው፤ እሳቸውም ለመኸር ስትሄድ ከማሳው ዳር የመጀመሪያውን እሸት ለእሷ ነበር የሚያስቀምጡላት። ሰንበታን እምቢ ማለት ያስፈራት ልጆቿን ብቻ ስለሚያሳጣት ሳይሆን ሽማግሌውንም ስለሚያሳጣት ነበር።

“አባትሽንም ጭምር ነው የምታጪው” አላት ቀነዓ።

“አባቴ” አለች።

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። በእሷ ወገን የሚቀመጥ ዘመድ አልነበራትምና ቀነዓን ለመነችው። ቀነዓ ይህ ሥራዬ አይደለም ብሎ አመነታ።

“እንዲናገሩልኝ አይደለም፤ ተቀመጡልኝ ብቻ” አለችው።

“መቀመጥ ከሆነማ እችላለሁ” አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኢፍቱ በምትኖርበት ግቢ ግራር ሥር አግዳሚ ወንበር ተዘረጋ። እኔ ለእንግዶቹ ወጥ ላግዛት ሄጄ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ሁሉንም አይቻለሁ። ከሁሩታ ሽማግሌዎች መጥተዋል፤ ሰንበታም አንገቱን ደፍቶ ከመጨረሻው ተቀምጧል። ጓድ ዘመናይ ሳይጠሩ መጥተዋል። አካም ጅርቱ እያሉ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ተመራረቁ። ጓድ ዘመናይ ስለ ሴቶች ጭቆና በአማርኛ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ሰምተው ሲያበቃ በኦሮምኛ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

ኦቦ ጆቴ “ጋብቻው በያዝነው ወር ይፈጸም” አሉና ወደ ቀነዓ ተመለከቱ።

ቀነዓ ዝም አለ።

እዚያ አካባቢ በሽምግልና ላይ አንድ ደንብ አለ፤ ከባዱን ቃል የያዘ ሰው መጨረሻ ነው የሚናገረው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

“ይሁን፤ የፈይሳ ዓመት ይውጣ” አሉ ኦቦ ጆቴ።

ቀነዓ ዝም አለ። ዐይኑ ኢፍቱ ላይ ነው።

“ልጆቹም እዚሁ ይማሩ። ሰንበታ ይመላለሳል።”

ሰንበታ ደንግጦ ቀና አለ። ቀነዓ አሁንም ዝም። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ኦቦ ጆቴ ጆሮ ጠጋ ብለው “ይህ ሰው የያዘው ነገር ከባድ ነው፤ ተጠንቀቅ” ሲሉ እኔ ሳይቀር ሰማሁ። ሌላው ሁለት ጊደር በስሟ ይሁን አሉ። እንደዚያ ቢቀጥል ኖሮ ሁሩታ ግማሿ ለኢፍቱ ሳትሰጥ አትቀርም ነበር። ባሌ ግን በሰው ስሕተት መጠቀም አይሆንለትም።

“አባቶቼ፣ እኔ የያዝኩት ቃል የለም። ለኢፍቱ የሚሻላትን አላውቅም። የምታውቀው እሷ ናት” አለ። ተነሥቶም ወንበሩን ወደ እሷ አዞረና ተቀመጠ።

ሴት በዚያ ሸንጎ ስለ ራሷ አትናገርም፤ ግን የእሷ ወገን ሰው ጀርባውን ለሽማግሌ አዙሮ እሷን እየጠበቃት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እሱን እየጠበቁ ነው። ኢፍቱ ነጠላዋን አስተካከለች።

“አባ” አለች፤ “እናንተ ምራት ሆኜ እንድቀር ሰንበታን አግቢ ትሉኛላችሁ። እኔ ምራትዎ ሆኜ መቅረት አልፈልግም።”

የኦቦ ጆቴ ፊት ወደቀ።

“በጉዲፈቻ ልጅዎ ያድርጉኝ። ልጆቼ በአባታቸውም በእናታቸውም የእርስዎ ይሆናሉ፤ የሚወስዳቸውም የሚያስቀራቸውም አይኖርም። ሰንበታም ወንድሜ ይሆናል። እህቱን የሚያገባ የለም።”

“ጉዲፈቻ እኮ ለሕፃን ነው” አሉ አንዱ።

“ፈይሳ ከሞተ ወዲህ እንደ ሕፃን ስትመክሩኝ አልነበረም እንዴ?”

ቀድመው የሳቁት በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ናቸው። ሰንበታ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ፤ የተጫማው ግን ማሰሪያ የሌለው በረባሶ ነበር። ጓድ ዘመናይ ወደ ማድ ቤቱ መጥተው “ምን አለች?” አሉኝ፤ ነገርኳቸው። “ጉዲፈቻም ልማድ ነው” አሉና አሰቡ። “ግን ጋብቻው ቀርቷል በይኛ?” “ሳይቀር አይቀርም” አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ውጭ ወጥተው ብዙ ተነጋገሩ። ሲመለሱ ኦቦ ጆቴ እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም፤ ቅቤ አምጡ አሉ። በራሷ ላይ አድርገው መረቋት። “ስሞት እንደ ልጅ ወገብሽን አስረሽ ታለቅሺልኛለሽ” አሏት። በየመኸሩ ልጆቹን ይዛ ልትሄድም ቃል ገባች። ወጡ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ያን ሐሳብ የሰጣት ቀነዓ ነው አለ። ሁሩታዎች ያ ዝምተኛ ሰው አፏ ላይ አደረገላት አሉ። የሴቶች ማኅበሩ በሪፖርቱ፣ በማኅበሩ ቅስቀሳና በአማካሪው መመሪያ አንድ ኋላ ቀር ልማድ መሸነፉን ገለጸ። እሷ እኔ ነኝ ያሰብኩት ስትል ትሑት ናት ተባለች። ባል የሞተባቸው ሴቶች ከሞጆም ከዱከምም መጡ። ቀነዓ ወንበር ሰጥቶ “እሺ፣ እስቲ ንገሪኝ” ይላቸዋል። ጥቂቶቹ ተመላለሱ፤ ብዙዎቹ ግን “ለኢፍቱ ነግሮ እኛን ከለከለን” ብለው ተቀይመው ሄዱ።

በመጨረሻ የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ንዋይ አስጠሩት።

“ለጓዲት ኢፍቱ የሰጠኸውን ምክር በስቴንስል አባዝተህ ለሁሉም ክፍል አከፋፍል።”

“የሰጠኋት ምክር የለም።”

“የተገኘው ውጤት ታዲያ ከየት መጣ?”

“ከእሷ።”

“አንተ ምን ስትሠራ ነበር?”

“ስሰማት ነበር።”

“ጓድ ቀነዓ፣ ሠራተኛው ሁሉ ራሱን እየሰማ የራሱን ውሳኔ ቢወስን መመሪያ ለማን ይወርዳል? ይህ ግለኝነት ነው። የንዑስ ከበርቴ አስተሳሰብ ነው።”

ባሌ ያን ቀን ቤት ሲገባ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን በትክክል የተረዳለት ሰው ማግኘቱን ነገረኝ። ተቃዋሚ መሆኑ ብቻ ነበር ቅር ያሰኘው። በውይይት ክበቡ ሒስና ግለ ሒስ አደረጉለትና ወደ መጋዘን አዛወሩት። እዚያም ሰዎች ጆንያ የሚቀበሉ መስለው እየመጡ ክምሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። ክፍሉን ለጓድ ዘመናይ የአክስት ልጅ ሰጡት። እሱ ጥሩ መካሪ ነበር ይባላል፤ ደጋግሞ የሚሄድበት ሰው ግን አላየሁም።

ቀነዓ በ1981 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሞተ። ብዙ ሰው ቀበረው። በሐዘኑ ድንኳን ኢፍቱ ከኦቦ ጆቴ ጋር መጣች፤ ሽማግሌው በጣም አርጅተው ክንዷን ይዘው ነበር የሚሄዱት። ሴቶቹ ከበቧት።

“አሁንማ ሞቷል። እውነቱን ንገሪን፤ ምን ብሎሽ ነበር?”

“ምንም አላለኝም።”

“ተይ እንጂ፣ እኛ ለማን እንናገራለን?”

“አባትሽንም ጭምር ነው የምታጪው አለኝ። እሱንም እኔው ካልኩት ላይ ነው ያነሣው።”

“በቃ?”

“በቃ።”

አላመኗትም። አንዷ ሴት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ከሰማችው አንድ ነገር ልትሞክር ነው መሰለኝ፣ “እትዬ፣ አባትዎን ጭምር ነው ያጡት” አለችኝ። አባቴ ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ ከድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ደግሞ ሌላው መጣ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ሴቶቹ ሁሉ በአንድነት አይዞሽ፣ በቃሽ፣ ተጽናኚ አሉኝ። ኢፍቱ ከመሐላቸው ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ሊመሽ ሲል ኦቦ ጆቴ መጥተው ከፊታችን ቆሙ።

“ልጄ፣ የሁሩታ መኪና ሊያመልጠኝ ነው፤ አሳፍሪኝ። ተነሺ።”

“ከሰው ጋር ልስደድዎት አባ። እኔ አድራለሁ።”

ሽማግሌው አንድ ነገር ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስደግፈው ከእኛ ማዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።